መናገር የሚሳናቸው ሰዎች በሕክምና ምርምር ውስጥ ስለሚገባቸው ስፍራ

(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ ለመነበብ የተዘጋጀ ንግግር)



የመምህርነት ሥራ በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ያወቁትን ለማያውቀው ማስረዳት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሰማው ሰው በእርግጥ መረዳቱን መርምሮ ማወቅ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ትምህርቱ ተነገረ ይባላል እንጂ ገባ አይባልም። ይህ ለመምህራን የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ በሕክምና ምርምር ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ ኖሯል። ከዚህም መዘንጋት የተነሣ ሐሳባቸውን በንግግር ለመግለጽ ወይም የተነገራቸውን ለመረዳት የሚቸገሩ ብዙ ሰዎች የሕክምና ዕውቀት ከሚገኝበት ሥራ ተለይተው ቀርተዋል። የዚህ ንግግር ዓላማም የመለየታቸውን ምክንያትና ጉዳት ማሳየት፣ መድኃኒቱም ከመምህራን ሞያ የማይርቅ መሆኑን መግለጽ ነው።

ስለ ምርምር ጥቂት ቃል

አንድ አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ የሕክምና ዘዴ ለሕዝብ ከመዳረሱ በፊት በፈቃደኞች ላይ ይሞከራል። ፈቃደኞቹ በሁለት ወይም ከዚያ በሚበልጡ ክፍሎች ይመደቡና ለአንደኛው ክፍል አዲሱ፣ ለሌላው የተለመደው ሕክምና ይሰጣል፤ በመጨረሻም ውጤቱ ይመዛዘናል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ዕውቀት የሚታመነው ግን የተመረመሩት ሰዎች ወደ ፊት ሕክምናውን የሚቀበሉትን ሰዎች የሚመስሉ እንደ ሆነ ነው። የደጋውን መሬት ብቻ መርምሮ ለቈላ ገበሬ ስለ ዘር የሚመክር ሰው ቢሳሳት አያስደንቅም። እንደዚሁም ሁሉ መናገር የሚችሉትን ብቻ ጠይቆ የተገኘ ዕውቀት መናገር ለማይችለው በሽተኛ ምን ያህል እንደሚስማማ ሊታወቅ አይችልም።

ማንም ሰው ሳይፈቅድ በምርምር ውስጥ እንዳይገባ ደግሞ ሕግ ይከለክላል። ፈቃድ ማለትም አንገትን መነቅነቅ ወይም በወረቀት ላይ ጣትን ማሳረፍ ብቻ አይደለም። ሰውየው የሚደረገውን ነገር፣ የሚያገኘውን ጥቅምና ሊደርስበት የሚችለውን ጉዳት ተረድቶ፣ እምቢ ለማለትም ነጻ መሆኑን ዐውቆ የሚሰጠው ቃል ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሰውየው አንደበት የታሰረ እንደ ሆነ ቃሉን እንዴት አድርጎ ይሰጣል?

ልሳንና ልብ አንድ አለመሆናቸው

መናገር የሚሳናቸው ሲባል አንድ ዓይነት ሰዎች ብቻ አይደሉም። መስማት የተሳናቸው አሉ፤ የሚንተባተቡ አሉ፤ አንጎላቸው በመጐዳቱ የአፍና የምላስ ጡንቻ የማይታዘዝላቸው አሉ፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው አሉ፤ በስተርጅና የመርሳት በሽታ የያዛቸውም አሉ። ከእነዚህ መካከል መስማት የተሳናቸውና በምልክት ቋንቋ የሚነጋገሩ ሰዎች በእውነቱ ቋንቋ አልጐደላቸውም፤ የጐደለው እነርሱና ሐኪሙ በጋራ የሚግባቡበት ቋንቋ ነው።

ነገሩን በግልጽ የሚያሳየው ግን አፌዥያ የተባለው ችግር ነው። ስትሮክ ማለት በአንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ የአንጎል ክፍል ሲጐዳ የሚመጣ በሽታ ሲሆን፣ ጉዳቱ ቋንቋን በሚያዝዘው ክፍል ላይ ሲያርፍ ሰውየው የለመደው ቋንቋ ይከዳዋል። ይህም በስትሮክ ከተያዙት ሰዎች ከሦስቱ አንዱን ያህል ያገኛል። አፌዥያ ያለበት ሰው ስኒውን እያየ፣ ምን እንደ ሆነም እያወቀ፣ ስሙ ግን ይጠፋበታል፤ «አይደለም» ለማለት ፈልጎ «አዎን» የሚል ቃል ያመልጠዋል፤ ማንበብና መጻፍም ብዙ ጊዜ አብረው ይደክማሉ። «አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል» የሚለው የአበው ተረት የተነገረው ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም ለዚህ ሰው መከራ የሚስማማ ነው።

ልሳን ቢታሰርም ልብ አብሮ እንደማይታሰር በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከተጻፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፖል ብሮካ የተባሉ ፈረንሣዊ ሐኪም በፓሪስ አጠገብ ባለው በቢሴትር ሆስፒታል ሌቦርኝ የተባሉ በሽተኛ መረመሩ። ሌቦርኝ ሲቈጡ ከሚያመልጣቸው የመሐላ ቃል በቀር ለሚጠየቁት ሁሉ የሚመልሱት «ታን፣ ታን» እያሉ ነበር። ብሮካ ግን ይህን ሰምተው ሰውየው አእምሮ የለውም ብለው አልተዉአቸውም። በዚህ ስፍራ ስንት ዓመት ኖሩ ብለው ቢጠይቋቸው፣ በሽተኛው እጃቸውን አራት ጊዜ ዘርግተው በመጨረሻ አንድ ጣት ጨመሩ። 21 ዓመት ማለታቸው ነበር፤ ልክም ነበር። በማግሥቱ ጥያቄው ሲደገም መልሱ አልተለወጠም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቁ ግን እየተፈተኑ መሆናቸውን ዐውቀው ተቈጡ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ጠያቂው በጣት ሊመለስ የሚችል ጥያቄ መርጠው መጠየቃቸው ነው።

ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1874 ዓ.ም.፣ ካርል ቬርኒከ የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም የዚህን ተቃራኒ ገለጹ። ሌላ የአንጎል ክፍል የተጐዳባቸው ሰዎች ንግግራቸው ሳይደናቀፍ ይፈስሳል፤ የሚሰሙትን ግን በሚገባ አይረዱም። እንግዲህ ዝም ያለው ሁሉ አልተረዳም፣ የተናገረውም ሁሉ ተረድቷል ማለት እንደማይቻል ከእነዚህ ከሁለቱ ሐኪሞች ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ንግግር የማስተዋል እርግጠኛ ሚዛን አይደለም።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ዣን ዶሚኒክ ቦቢ የተባሉ የፓሪስ ጋዜጠኛ በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ በስትሮክ ተመትተው መላ አካላቸው ደነዘዘ፤ እንደ ልብ የሚታዘዝላቸው የግራ ዓይናቸው ሽፋን ብቻ ሆነ። ሆኖም አንዲት ረዳት በፈረንሣይኛ ብዙ ጊዜ ከሚገኘው ፊደል ጀምራ ፊደሎቹን በተራ ስትጠራላቸው፣ የፈለጉት ፊደል ሲደርስ ዓይናቸውን እየጨፈኑ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አጽፈዋል። መጽሐፉ በ1997 ዓ.ም. ታትሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደራሲው ዐረፉ። ያ የፊደል ሰሌዳ ባይገኝ ኖሮ እኒህ ሰው ሐሳብ የላቸውም ተብሎ በተፈረደባቸው ነበር።

ሁለቱ በደሎች

መናገር የሚሳናቸው ሰዎች በሕክምና ምርምር በኩል ሁለት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ በደሎች ደርሰውባቸዋል።

የመጀመሪያው በደል ፈቃዳቸው በሚገባ ሳይጠየቅ የመመርመሪያ ዕቃ መደረጋቸው ነው። በኒውዮርክ ከተማ፣ በስታተን ደሴት ላይ፣ ዊሎብሩክ የተባለ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች የሚኖሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበረ። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሐኪሞች ስለ ጉበት በሽታ ለማጥናት ሲሉ በዚያ ከነበሩት ልጆች አንዳንዶቹን ሆን ብለው በበሽታው እንዲያዙ አድርገዋል። የወላጆች ፈቃድ ተጠይቆ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ሞልቷል፣ አዲስ ልጅ አይቀበልም በተባለበት ጊዜ ወደ ምርምሩ ክፍል እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ልጆች ይገቡ ስለ ነበር፣ የተጨነቀ ወላጅ የሚሰጠው ፈቃድ ነጻ ነው ለማለት ያስቸግራል። ይህ ሁሉ የተደረገው «ትምህርት ቤት» በሚል ስም በሚጠራ ስፍራ መሆኑን መምህራን ሊያስቡት የሚገባ ነው።

እንደዚህ ያለው ግፍ እንዳይደገም ብዙ ሕግ ተጽፏል። ናዚዎች በእስረኞች ላይ ባደረጉት ሙከራ ሐኪሞች በኑረምበርግ በተፈረደባቸው ጊዜ፣ በ1947 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የተመርማሪው ነጻ ፈቃድ ፈጽሞ የማይቀር ነገር መሆኑን በመጀመሪያው አንቀጽ አስታወቀ። በ1964 ዓ.ም. የዓለም የሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ተሰብስቦ ዛሬም እየታደሰ የሚሠራበትን መግለጫ አወጣ። በ1979 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው የቤልሞንት ጽሑፍ ደግሞ ሰውን ማክበር፣ በጎ ማድረግና ፍትሕ የሚባሉትን ሦስት መሠረቶች አቆመ።

ሁለተኛው በደል የተወለደው ከዚሁ ጥንቃቄ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎችና የምርምር ሥነ ምግባር ጉባኤዎች ደካማውን እንጠብቃለን ሲሉ ደካማውን ፈጽመው በሩቅ ማስቀመጥ ለመዱ። መናገር፣ ማንበብ ወይም መጠይቅ መሙላት የማይችል ሰው በዚህ ጥናት አይገባም የሚል ቃል በብዙ የምርምር ዕቅዶች ውስጥ ተጻፈ። ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ የፈቃድ ነገር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ጊዜና ገንዘብ ለመቈጠብ ብቻ ነው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለምን? እዚህ ላይ ግን ካለመናገር የሚቀረው ሹመት ሳይሆን ሕክምና ነው።

ጉዳቱን ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት በኋላ በመንፈስ ጭንቀት ይያዛሉ። ከሚስትና ከልጅ ጋር እንኳ መነጋገር የተሳነው ሰው ለዚህ ጭንቀት የበለጠ የተጋለጠ መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ጭንቀት የሚለካው በቃል ጥያቄና መልስ ስለ ሆነ፣ ስለዚሁ ጭንቀት በተደረጉት በብዙዎቹ ጥናቶች አፌዥያ ያለባቸው ሰዎች አልገቡም። ከሁሉ ይልቅ የተጨነቁት ሰዎች ስለ ጭንቀት በተጻፈው ዕውቀት ውስጥ የሉም ማለት ነው። ሐኪሙም አልጋቸው አጠገብ ሲቆም የሚመራበት ከሌሎች ሰዎች የተገኘ ዕውቀት ነው። የቤልሞንት ጽሑፍ ፍትሕ ያለው የምርምር ሸክምና ጥቅም ለሁሉ በትክክል እንዲከፈል ነበር፤ በዊሎብሩክ ሸክሙ ብቻ ተሰጠ፣ በሁለተኛው በደል ደግሞ ጥቅሙ ተነፈገ።

ሕግ የሚለው

ሕግ ሁለቱንም በደል እንዲከለክል ሆኖ ተሻሽሏል። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት የ2005 ዓ.ም. የውሳኔ ችሎታ ሕግ፣ ሰውየውን ለመርዳት የሚቻለው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ሳይሳካ እስካልቀረ ድረስ መወሰን አይችልም ተብሎ እንዳይቈጠር ያዝዛል። ማስረጃው ለሰውየው በሚስማማው መንገድ፣ በቀላል ቃል ወይም በሥዕል ወይም በሌላ ዘዴ እንዲገለጽለት ይጠይቃል፤ መልሱንም በአፍ ብቻ ሳይሆን በምልክት ወይም በማናቸውም ሌላ መንገድ ቢሰጥ ይቀበላል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በአንድ በኩል ማንም ሰው በነጻ ሳይፈቅድ ለሕክምናና ለሳይንስ ሙከራ እንዳይዳረግ ይከለክላል፤ በሌላ በኩል መግባባት ሲል የምልክት ቋንቋን፣ ብሬይልን፣ በጉልህ ፊደል የተጻፈን፣ በመዳሰስና በቀላል ቃል የሚደረገውን ሁሉ ይጨምራል። ኬንያና ዩጋንዳ ስምምነቱን በ2008 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. አጽድቀዋል። ስለዚህ ይህ ነገር ለምሥራቅ አፍሪቃ የባዕድ አገር ወሬ ሳይሆን የገዛ ራስዋ ግዴታ ነው።

ነገሩ እንዴት ይፈጸማል?

ካናዳ ውስጥ በቶሮንቶ የሠሩት ኦራ ካገን የተባሉ የንግግር ሕክምና ባለሞያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አግኝተዋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ደረጃ ሲያጋጥመው መውጣት አልቻለም ከማለት ይልቅ ዘንበል ያለ መንገድ ይሠራለታል፤ እንደዚሁም ለንግግር «ዘንበል ያለ መንገድ» ሊሠራ ይችላል ይላሉ። በ2001 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ አፌዥያ ካለበት ሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ የተማሩ በጎ ፈቃደኞች ካልተማሩት ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ሲነጋገሩ ታዩ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ትምህርቱ የተሰጠው ለበጎ ፈቃደኞቹ ሆኖ ሳለ የበሽተኞቹም የመግባባት ችሎታ አብሮ ተሻሽሎ መታየቱ ነው። የታሰረው አንደበት ብቻ ሳይሆን የጠያቂው አጠያየቅም ነበር ማለት ነው።

የዚህ መንገድ አሠራር ለመምህራን አዲስ አይደለም።

መጀመሪያ ቃሉን ማቅለል ነው። በፈቃድ ወረቀት ላይ «በዚህ ጥናት የሚደረገው ተሳትፎ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ሲሆን በማናቸውም ጊዜ ማቋረጥ በሚሰጠው የሕክምና አገልግሎት ላይ የሚያስከትለው አሉታዊ ተጽዕኖ አይኖርም» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ እንኳንስ በሽተኛ ጤነኛም ይደክማል። ይኸው ነገር «ጥናቱ ግዴታ አይደለም። እምቢ ማለት ይችላሉ። እምቢ ቢሉም ሕክምናዎ አይቀርም» ቢባል ምንም አልተቀነሰም፤ የተቀነሰው ድካሙ ብቻ ነው። በየአንዳንዱ ገጽ አንድ ሐሳብ፣ ከጐኑም አንድ ግልጽ ሥዕል፣ ዋናው ቃል በጉልህ ፊደል ቢጻፍ ደግሞ ይበልጥ ይረዳል።

ሁለተኛ መልስ የሚሰጥበትን መንገድ ማብዛት ነው። «አዎን»፣ «አይደለም»፣ «አልገባኝም» የሚሉ ሦስት ካርዶች በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ካርድ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ አልገባኝም የሚልበት መንገድ የሌለው ሰው ሳይገባው አዎን ይላልና። በጣት መጠቆም፣ መሣል፣ በዓይን ማመልከት፣ በምልክት ቋንቋ መናገር ሁሉ እንደ ሙሉ መልስ ይቈጠራል።

ሦስተኛ መረዳቱን መመርመር ነው። አፌዥያ ያለበት ሰው አዎንና አይደለም ሊቀላቀልበት ስለሚችል ያው ጥያቄ በሁለት ወገን ይጠየቃል። «መድኃኒቱን መውሰድ ግዴታዎ ነው?» ከተባለ በኋላ «እምቢ ማለት ይችላሉ?» ይባላል። ለሁለቱም አዎን ያለ እንደ ሆነ ነገሩ አልገባውም ወይም ቃሉ አምልጦታል፤ ስለዚህ ማስረዳቱ እንደ ገና ይጀመራል። ይህን ማድረግ ሰውየውን መናቅ ሳይሆን ቃሉን ማክበር ነው።

አራተኛ ጊዜ መስጠት ነው። አንጎሉ የተጐዳ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ ጫጫታም ያውከዋል። ጸጥ ባለ ክፍል፣ ባልደከመበት ሰዓት፣ ቢቻል በሁለት ቀን ከፍሎ መነጋገር ይገባል። ከጥያቄው በኋላም ጠያቂው ዝም ብሎ መጠበቅ አለበት። በክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ መልስ እያሰበ ሳለ መምህሩ ጥያቄውን ለሌላ ቢያሳልፍበት የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል።

አምስተኛ ዘመድ ረዳት እንጂ ምትክ አለመሆኑን ማወቅ ነው። ሚስት ወይም ልጅ የበሽተኛውን ምልክት ከማንም ይልቅ ያውቃሉና መገኘታቸው ይጠቅማል። ነገር ግን ስለ ኑሮው ደኅንነት ሰውየውና ዘመዱ ለየብቻ ሲጠየቁ መልሳቸው ብዙ ጊዜ እንደማይገጥም፣ ዘመዶችም የሰውየውን ኑሮ እርሱ ከሚለው ይልቅ የከፋ አድርገው የመገመት ጠባይ እንዳላቸው ታውቋል። በ2003 ዓ.ም. ካተሪና ሂላሪና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ አገር አፌዥያ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው እንዲመልሱት ሆኖ የተዘጋጀ 39 ጥያቄዎች ያሉት የኑሮ ደኅንነት መጠይቅ ማውጣታቸው፣ መጠይቁን ለሰው ማስተካከል እንጂ ሰውን ከመጠይቁ ማስወጣት ግድ አለመሆኑን ያሳያል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ደግሞ መወሰን የማይችሉ ሰዎች እንዳሉ መካድ አይገባም። ለእነዚህ የእንግሊዙ ሕግ የሚያውቋቸውና የሚያስቡላቸው ሰዎች እንዲጠየቁ፣ ምርምሩም ያለ እነርሱ ሊደረግ የማይችል እንዲሆን ያዝዛል። ሰውየው በእጁም ሆነ በፊቱ መቃወሙን ካሳየ ግን ከምርምሩ እንዲወጣ ይደረጋል። መወሰን የማይችል ሰው እንኳ እምቢታው ይከበራል ማለት ነው።

በአገራችን ምድር

በኢትዮጵያ ከ80 የሚበልጡ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ማንበብ ያልተማረውም ሰው ብዙ ነው። በዚህ አገር መግባባት የሚቸግረው ሰው የታመመው ብቻ አይደለም። በወላይታ ጫማ ሳያደርጉ በቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣውን የእግር ማበጥ፣ ማለት ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን በሽታ፣ ከዘር ጋር ያለውን ግንኙነት ለማጥናት የተነሡ ተመራማሪዎች፣ በ2009 ዓ.ም. እንዳሳተሙት፣ ፈቃድ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ፈቃዱ አጠያየቅ ራሱ ሕዝቡን አነጋገሩ። በዚህም በሽተኞቹ ከሰው ስለ መገለላቸው ያላቸውን ፍርሃት፣ በሽታው ከዘር ነው ሲባልም መገለሉ ሊብስ እንደሚችል ተረዱ፤ አነጋገራቸውንም እንደዚያው ማስተካከል እንደሚገባ ጻፉ። እነዚያ የወላይታ ሰዎች አንደበታቸው አልታሰረም ነበር። ሆኖም ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ያው ነው፤ አለመግባባት ሲኖር መጀመሪያ መመርመር ያለበት ጠያቂው ነው።

መስማት የተሳናቸውን በሚመለከት መንገዱ ተጀምሯል። በዩጋንዳ የ1995ቱ፣ በኬንያ የ2010ሩ ሕገ መንግሥት የምልክት ቋንቋ እንዲስፋፋ ያዝዛሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። የንግግር ሕክምና ባለሞያዎች ግን በእነዚህ አገሮች ገና በጣም ጥቂቶች ናቸው። እነርሱ እስኪበዙ ድረስ ከማይናገር ልጅ ጋር መግባባትን በየቀኑ የሚለማመድ ሰው ማን ነው ቢባል፣ ከእናቱ ቀጥሎ መምህሩ ነው።

የመምህራን ድርሻ

ትምህርት ቤት ራሱ የምርምር ስፍራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በምዕራብ ኬንያ፣ በቡሲያ፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በ75 ትምህርት ቤቶች የሆድ ትል መድኃኒት እየተሰጠ የተደረገው ጥናት በዓለም ታውቋል። ስለ ዓይን፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ክትባትም የሚያጠኑ ሰዎች ብዙ ልጆች በአንድነት የሚገኙት በትምህርት ቤት ስለ ሆነ የዲሬክተሩን ደጅ ይመታሉ። በትምህርት ቤት የሚደረግ ጥናት ግን የሚያገኘው ትምህርት ቤት የመጣውን ልጅ ነው፤ ከመጡትም መካከል ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቶሎ የሚመልሰው ነው። በኋለኛው ወንበር ተቀምጦ የማይናገረው ልጅ «ይህ እንኳ አይገባውም» ተብሎ ይታለፋል። ያን ቃል ለተመራማሪው የሚናገረው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው።

ስለዚህ ምርምር ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ዲሬክተሩና መምህሩ ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ጥናቱ በሥነ ምግባር ጉባኤ ታይቶ ተፈቅዷልን? ለወላጆች የሚነገረው ነገር በሚሰሙት ቋንቋ ነውን? ወላጁ መስማት ወይም ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ በምን ይገለጽለታል? መስማት የተሳነው ወይም መናገር የሚቸግረው ተማሪ እንዲገባ ምን ተዘጋጅቷል? ካልተዘጋጀስ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው? ልጁ ራሱ እምቢ ያለ እንደ ሆነ እምቢታው ይከበራልን? የመጨረሻው ጥያቄ በሄልሲንኪ መግለጫ የተመለሰ ነው፤ ልጁ ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ከሆነ ከወላጁ ፈቃድ ሌላ የእርሱም ስምምነት ይጠየቃል፣ አለመስማማቱም ይከበራል።

ከዚህ ጋር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተማሪ መምህሩን ያከብራል፤ ይፈራልም። መምህሩ ተሰለፉ ካለ ይሰለፋል። እንዲህ ያለው መታዘዝ ለሥርዓት ይጠቅማል እንጂ ፈቃድ አይባልም። መናገር የማይችል ልጅ ደግሞ ዝምታው እንደ እሺታ ይቈጠርበታል። ስለዚህ መምህሩ ልጁ የቀረበለትን ነገር እንዲረዳ ያግዛል፤ ይግባ ወይም አይግባ ብሎ ግን አይገፋውም። ለተመራማሪው የልጁን ምልክቶች ይተረጉማል፤ በልጁ ስፍራ ሆኖ ግን አይመልስም። መስማት ለተሳነው ልጅ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚ እንዲመጣ ይጠይቃል፤ የልጁ ታናሽ እኅት ወይም የክፍል ጓደኛው የሕክምና ምስጢር አስተርጓሚ እንዲሆኑ አይፈቅድም።

ነገ የሚመረመሩትም ሆነ የሚመራመሩት ዛሬ በመምህራን ፊት የተቀመጡት ልጆች ናቸው። ሐኪም የሚሆነው ተማሪ የሚንተባተብ ጓደኛው ቃሉን እስኪጨርስ መጠበቅን በክፍሉ ውስጥ ከተማረ፣ በሆስፒታልም በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ይጠብቃል። መናገር የሚቸግረው ልጅም መልሱ በጣትም፣ በሥዕልም፣ በምልክትም ተቀባይነት ያገኘለት እንደ ሆነ፣ ሲያድግ ስለ ገዛ ሰውነቱ ሲጠየቅ አዎን ወይም እምቢ ማለት መብቱ መሆኑን ዐውቆ ይኖራል። ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብና ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሦስት ካርድ፣ ጥቂት ሥዕል፣ አጭር ቃልና ታጋሽ ጠያቂ ነው። ታጋሽ ጠያቂ መሆንንም ከመምህራን ይልቅ ሊያስተምር የሚችል የለም።